ወይራ የታጠነ ብርጭቆ

ቅናቴን ልደብቅ ብል ፊቴ ላይ ይነበባል፤ ስለዚህ ከእሱው ልጀምር። በሌላ በሌላው ቀናተኛ አይደለሁም። ጓደኞቼ ባል ሲያገቡ፣ ዘመዶቼ ቤት ሲሠሩ እሰይ ብዬ እልል ያልኩ ሰው ነኝ። እኔ የቀናሁት በአንዲት ሴት አፍንጫ ነው። አዎ፣ በአፍንጫ። ያውም አንዲት ጠብታ አልኮል ቀምሳ በማታውቅ፣ የወይን ብርጭቆ ባጠበች ቁጥር «አስተግፊሩላህ» በምትል ሴት አፍንጫ።

ይኼ ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የጠጅ ቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ደሴ ላይ ጠጅ ጥላ፣ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችኝ። ጌሾ የበዛበት ጠጅ ገና ከበር ይሸተኛል። ማሩ ስኳር የገባበት መሆኑን ጥንስሱን በጣቴ ነክቼ እናገር ነበር። አረቄ ሲወጣ የመጀመሪያው ጠብታ እንደሚደፋ፣ መሃሉ እንደሚያዝ፣ ዳግም የሚባለውም ሁለቴ የወጣው መሆኑን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ አደግሁበት። እንግዲህ በመጠጥ ነገር ማን ይበልጠኛል? እንዲህ ነበር የምለው።

ወንድሜን ደርግ ከወሰደው በኋላ ቀጥሎ እኔ እንደምፈለግ ሰው ሹክ አለኝ። በጅጅጋ በኩል ወጥቼ ሀርጌሳ ገባሁ። ከአንድ ጦርነት ሸሽቼ ሌላ ጦርነት ውስጥ መግባቴን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከተማው ላይ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱ ላይ ከወታደር በስተቀር ሰው አይታይም። የሶማሊያን መንግሥት ሊጥሉ ጫካ የገቡት ተዋጊዎች እየቀረቡ ነው ይባላል። ወታደሮቹ ደግሞ ዘመዱ ጫካ የገባውን ሰው እየፈለጉ ቤት ለቤት ይዞራሉ።

የተቀጠርኩት የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ቤት ነው፤ ዛሬ ማሕሙድ ሃይቤ በሚሉት ወረዳ በኩል። በፈረንሳይኛው «ጌታዬ» ለማለት ሙሴ እንላቸው ነበር። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ስለሠሩ አማርኛ ይችላሉ፤ የፈረንጆቹ ሰፈር የከዚራ አማርኛ፣ እዚህም እዚያም ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ያለበት። በሰዓት እላፊው ምክንያት የእራት ግብዣ የሚባል ነገር የለም፤ ነጮቹ ሐኪሞችና መሐንዲሶች የሚሰባሰቡት ለምሳ ነው። ወይኑና አረቄው ከመቆፈሪያው መለዋወጫ ጋር በሣጥን ከጅቡቲ ይመጣል። እኔ አሳላፊ ሆኜ ገባሁ።

የመጀመሪያው ግብዣ ዕለት ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ጠርሙሱ ተከፈተልኝ። እንደ ወጋችን በመዳፌ ትንሽ አንቆርቁሬ በእንግዶቹ ፊት ጭልጥ አደረግሁ፤ አሳላፊ ቀድሞ ካልቀመሰ መጠጡ ይጠረጠራላ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን እስከ አፋቸው ሞላሁ። እኛ ቤት ጎዶሎ መቅዳት ከስድብ አይተናነስም። እንግዶቹ አንድ ጉንጭ በቀነሱ ቁጥር ሮጬ እሞላለሁ፤ እምቢ ሲሉ «በሞቴ!» እላለሁ። አንዱ ሐኪም መኪናው ድረስ ተደግፎ ነው የሄደው። እኔ በልቤ ምን የመሰለ ግብዣ አሳለፍኩ እያልኩ ነው።

በማግስቱ ሙሴው ዕቃ ቤት ጠሩኝ። ጠርሙሶቹን አሳዩኝና ማን እንዳቆማቸው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ስገባ ሁሉም በጎናቸው ተጋድመው ስላገኘኋቸው ወድቀው መስሎኝ አንድ በአንድ አቁሜአቸዋለሁ። በሣቅ ፍርስ አሉ። ለካ የሚጋደሙት ቡሹ ከወይኑ እየረጠበ እንዳይደርቅ ነው። ቡሽ ከደረቀ አየር ያስገባል፣ አየር የገባበት ወይን ደግሞ ኮምጣጤ ይሆናል። አብረን መልሰን አጋደምናቸው፤ ትምህርቱም በዚያው ተጀመረ።

የፈረንጅ ፊደል ስለማላነብ ጠርሙሱን በትከሻው እንድለይ አስተማሩኝ። ትከሻው ቀጥ ያለው ቦርዶ ከሚባል አገራቸው የሚመጣ ነው። ትከሻው ሸርተት ያለው ከቡርጎኝ። አንገተ ረጅሟ ቀጭኗ ጠርሙስ ከጀርመን ወንዝ ዳር የምትመጣ ነጭ ወይን። የጥቁር ወይን ፍሬ ጭማቂው ነጭ እንደሆነ፣ ቀይ የሚያደርገው ከነልጣጩ መፍላቱ እንደሆነ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል ሲሉኝ ግን ወዲያው ገባኝ፤ እናቴ ያልደረሰ ጠጅ በጠርሙስ ከድና ቡሹ የቤታችንን ኮርኒስ በስቶታል። ብርጭቆ ከግማሽ በታች የሚቀዳው ለስስት ሳይሆን ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያ የሚቀምሰውም አሳላፊው ሳይሆን ጋባዡ ነው፤ ወይኑ ተበላሽቶ እንደሆነ እንግዳ ፊት እንዳያፍር። ይኼኛው ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያው የእኛው ነው፣ መዳፉ ነው የተለየው።

አረቄው ላይማ ተማሪ አልነበርኩም ማለት ይቻላል። ኮኛክ ከቀጭን ጎምዛዛ ነጭ ወይን ሁለቴ ይወጣል ሲሉኝ «ዳግም ነዋ!» ብዬ አቋረጥኳቸው። ውስኪ ከገብስ ብቅል ነው፤ ብቅልን ለእኔ! ካልቫዶስ የሚሉት ከፖም ይወጣል፣ ጂን ደግሞ የጥድ ፍሬ የገባበት ነው። ኮኛክ በበርሜል ዓመታት ሲቀመጥ ከላዩ እየተነነ የሚያልቅ አለ፤ አገራቸው ያንን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። እናቴ ይኼን ብትሰማ የጋኑን አፍ ደጋግማ በጭቃ ትለስነው ነበር። መልአክም ቢሆን በነፃ የምታስቀምስ ሴት አልነበረችም።

ሙሴው ራሳቸው ግን አይሸታቸውም ነበር። አርባ ዓመት ያጨሱት ፒፓ አፍንጫቸውን ገድሎታል። ያስተማሩኝ ሁሉ በትዝታ ነው። ብርጭቆውን ይሰጡኝና «ምን ይሸትሻል?» ይላሉ። እኔ የመጣልኝን እናገራለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዳንዴ በትክክል ስነግራቸው ፊታቸው እንደ ሕፃን ይበራል። አንድ ቀን «አፍንጫዬ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ስደተኛ ነኝ፣ ወረቀት የለኝም፣ ወንድሜ ይኑር ይሙት አላውቅም፤ ግን የአንድ ትልቅ ሰው አፍንጫ ነኝ። ያቺን ቃል ይዤ ስንት ቀን እንደከረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ እሷ መጣች።

ምግብ አብሳይ ሆና ነው የተቀጠረችው። ሶማሌ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ድሬዳዋ ነው፣ አባቷ መጋላ ገበያ ውስጥ ሽቶ ይሸጡ ነበር። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ «አቦ» ከአፏ አይጠፋም። ከእኔ በአራት በአምስት ዓመት ታንሳለች። ዛሬ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ እናቷ እግራቸው ተይዞ ከአልጋ አይነሱም። ወንድሟ ጫካ ገብቷል ይባላል፣ ወታደሮችም በዚያ የተነሳ ሁለት ጊዜ ቤቷን በርብረዋል። መጀመሪያ ላይ ወደድኳት። በዚያ ከተማ በአማርኛ የማዋራት ሴት አግኝቼ አላውቅም። «የጠጅ ቤቷ» እያለች ታሾፍብኛለች፣ እኔም «ሽቶ ነጋዴ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እሷ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እኔ እወለውላለሁ። ድንገት እጇን ገታ አደረገችና እነዚህ ሁለቱ አንድ ወይን አይደሉም አለችኝ። አንድ ናቸው አልኳት፤ ሁለቱንም ጠርሙስ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ትከሻቸውም አንድ ነው። አይደሉም አለች፤ አንዱ የሻገተ ሳጥን ሳጥን ይላል፣ ሌላኛው አይልም። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!» አልኳት። ሙሴው ከበሩ ኋላ ሰምተዋል ለካ። ሄደው የጠርሙሶቹን ጽሑፍና ቡሹን አዩ፤ የአንዱ ቡሽ የተበላሸ፣ ከሌላ መንደርም የመጣ ወይን ነው። እኔ ያንን ለእንግዳ ቀድቼአለሁ። እሷ ከብርጭቆ ቂጥ፣ ከሳሙና ሽታ መሃል አውጥታ አገኘችው።

በማግስቱ ሦስት ብርጭቆ አቀረቡላት። ቀድማ ሄዳ ሰፈሯ ያሉ አንድ ሼህ ጠይቃ ነበር መሰለኝ፣ እጄ በችግር ገብቶበታል፣ አፌ ግን አይገባበትም፣ የሸተተኝን እናገራለሁ አለች። የሻሿን ጫፍ ሰብስባ ጎንበስ አለች። አንደኛው የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል አለች። ሁለተኛው ዝናብ የመታው አፈርና እንጆሪ። ሦስተኛው ጨው የነካው የተቆላ ለውዝ። ቦርዶ፣ ቡርጎኝና ከስፔን የሚመጣው ሼሪ ነበሩ። ሙሴው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ በዓመት ተኩል ያላሳየኋቸውን እሷ በአንድ ቀን አሳየቻቸው።

ቆሽቴ አረረ። ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ በኋላ «ምን ይሸትሻል?» የሚባለው ለእሷ ሆነ። እኔ ጠርሙስ ተሸካሚ፣ ቡሽ ነቃይ ሆንኩ። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ትጠራለች፣ እጇን በመሀረብ ታብሳ ትመጣለች፣ አንዴ ሳብ አድርጋ ተናግራ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች። እንኳን ልትኮራበት፣ ቁም ነገርም አልመሰላት። ይኼ ነው የባሰብኝ። ብትኩራራብኝ ኖሮ እጠላትና እገላገል ነበር።

መጽናኛዬ ምላሴ ብቻ ነበር። ማሽተት ይኼን ያህል፣ መቅመስ ሌላ ነው እላለሁ ለራሴ። ወይኑ ምላስ ጎን ላይ ሲጎመዝዝ፣ ድድ ላይ ሲይዝ፣ ከተዋጠ በኋላ ስንት ቆይቶ እንደሚጠፋ እሷ በምን ታውቃለች? አንዳንዴ ክፋቴ ሲነሳብኝ እሷ ፊት ጎንጨት አድርጌ «ይኼ ነገር ሲጣፍጥ!» እላለሁ። «አቦ ተይኝ» ብላ ትስቃለች። ሣቋ ደግሞ ያናድደኛል።

ሁዳዴ ገባ። በዚያ ጾም ሁለት ወሬ ተከታትሎ መጣ። አንደኛው፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት ሊታረቁ ነው የሚል ነው። ለሌላው የምሥራች ነው፤ ለእኔ ግን ከታረቁ ስደተኛ ይለዋወጣሉ ማለት ነበር። ኬላ ላይ ወታደር ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ጀመር። ሁለተኛውን ወሬ ሙሴው ራሳቸው በረንዳ ላይ ሁለታችንን አስቀምጠው ነገሩን። ሥራቸው አልቋል፣ ወደ ጅቡቲ ሊወጡ ነው። እዚያ ባሕር ዳር ሆቴል ያለው ወዳጃቸው የወይን ዕቃ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ሰውዬው መጥቶ ያያል፤ ለመረጣት ሌሴ ፓሴ የሚሉትን የይለፍ ወረቀት ያወጣላታል። ወረቀቱ ግን የአንድ ሰው ነው።

 እሷ ወንድሟ ጫካ ነው፣ እኔ ወረቀት የለኝም። የቀረን ሰው እዚያ ከተማ ምን እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ መሬት መሬት ታያለች። እኔ የማየው የእሷን አፍንጫ ነው። ያ አፍንጫ እያለ እኔ ከዚህ አልወጣም አልኩ በልቤ።

እንግዳው የሚመጣው በድርጅት አውሮፕላን ጠዋት ነው፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። ስለዚህ ፈተናው ከእኩለ ቀን በፊት ሆነ፤ ለእያንዳንዳችን አራት አራት ብርጭቆ፣ ጠርሙሱ ሳይታይ። ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ያንን ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ነበር፤ ወንድሜ በሕይወት ካለ ብዬ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ውሃ እንኳን ሳልቀምስ። ሙሴው ለአንድ ጉንጭ ምን አለበት አሉኝ። አይሆንም አልኩ። በወንድሜ ነፍስ የያዝኩትን ለጅቡቲ ብዬ አልሽርም። ስለዚህ እኔም እንደ እሷ በአፍንጫ ብቻ ልፈተን ነው። ምላሴ፣ ያቺ የምመካባት፣ ተወሰደችብኝ።

ጾሙን አልሻርኩም፤ ያደረግሁትን ግን ስሙ። ብርጭቆ ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነው። ሀርጌሳ ገበያ የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት የወይራ ፍላጭ ይሸጣል፤ እኛ ጋን እንደምናጥነው እነሱም የግመል ወተት መያዣቸውን ያጥናሉ። አንድ እፍኝ ገዛሁ። ጠዋት እሷን ኬላ ላይ አቁመዋት ስታረፍድ ከውሃ ጋኑ ጀርባ ከሰል አቀጣጥዬ ወይራውን ጣል አደረግሁበትና አራቱን ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ ጭሱ ላይ ደፋኋቸው። ብርጭቆ እንደ ቅል ጭስ አይዝም፣ ይኼን የጠጅ ቤት ልጅ ታውቃለች። ስለዚህ አስቀድሜ በእንፋሎት አረጠብኳቸው፣ ከታጠኑም በኋላ ሳልወለውል በጨርቅ ሸፈንኳቸው። የእኔን አራቱን በሙቅ ውሃ አጥቤ በሌላ ትሪ ለብቻ አስቀመጥኩ፤ የትኛው ትሪ የማን እንደሆነም ለሙሴው ነገርኳቸው።  ዛሬ እንዲህ ስናገር ያፍራል ሰውነቴ፤ ያን ዕለት ግን ጭሱ ሽቅብ ሲል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንግዳው ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ ሰውዬ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ እያራገበ ቶሎ በሉ ቶሎ በሉ ይላል። ሙሴው በሌላ ክፍል ለሁለታችንም ያንኑ አራት መጠጥ በአንድ ተራ ቀድተው ብርጭቆዎቹን ራሳቸው አመጡ። አፍንጫቸው የሞተ ስለሆነ ምንም አልጠረጠሩም፣ ይኼንንም አስልቼበታለሁ።

እሷ ቀደመች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳች፣ ወደ አፍንጫዋ አቀረበች። ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ብዙ አላየችኝም፣ ግን አየችኝ። እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመርኩ። አይታወቀኝም አለች። ሁለተኛውንም አይታወቀኝም። ሦስተኛውን ቆይታ ቆይታ አሸተተችና እሱንም አላውቅም አለች። አራተኛውን ውስኪ ነው አለች፤ ኮኛክ ነበር። ሙሴው «ምን ነካሽ?» አሏት፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። አሞኛል አለች።

ተራዬ ሆነ። የመጀመሪያው ሼሪ አልኩ። ሁለተኛው ቦርዶ፣ ሦስተኛው ቡርጎኝ፣ አራተኛው ኮኛክ። ሙሴው ሁለቱ ልክ ነው፣ ሁለቱ ስህተት ነው አሉ። የቱ የቱ እንደሆነ እንኳን የጠየቀ የለም፤ እንግዳው ሰዓቱን አይቶ ይቺ ትበቃለች አለ። በቃ። ወረቀቱ የእኔ ሆነ።

እሷ ወዲያው ተነስታ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ስከተላት በሳሙና እየፈተገቻቸው ነበር፣ የእሷን አራቱን፣ ከሁሉ አስቀድማ። ሳትዞር «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።  አላወቀችብኝም ብዬ ራሴን ዋሸሁ።

ፋሲካን ጅቡቲ ዋልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ሀርጌሳ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከከተማዋ ማረፊያ እየተነሱ ከተማዋን ደበደቧት አሉ የሚመጡት ሰዎች። ጣራ ያለው ቤት አልቀረም አሉ። እኔ የሆቴሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ጠርሙስ እያጋደምኩ ነው የሰማሁት። ቁጭ አልኩ፣ መሬቱ ላይ። እግራቸው የተያዘው እናቷ በዓይኔ ላይ መጡ። እሷ ነበረች እዚህ መቀመጥ የነበረባት አልኩ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በወይን እንጀራ በላሁ። አሳላፊዎቹ «እትዬ» ይሉኛል፤ ከኔ ጠይቀው ነው የሚከፍቱት። ምላሴ ስሟ ወጣ። ግን ቀይ ወይን በከፈትኩ ቁጥር ወይራ ይሸተኛል። ከሀርጌሳ የመጣ ሰው ሁሉ ጠየቅሁ፤ ድሬዳዋ ያደገች፣ እናቷ የማይራመዱ፣ እንዲህ ያለ ሣቅ ያላት። የሚያውቃት ጠፋ። ገደልኳት ብዬ ነው የኖርኩት። እግዜር ይወቀው፣ ገደልኳት እያልኩም ቅናቴ አልለቀቀኝም። አንድ ወይን ሲያስቸግረኝ «እሷ ብትሆን ለይታዋለች» የሚል ነገር ይመጣብኛል፤ በሞተ ሰው መቅናቴን ሳውቀው ራሴን እጠላለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእህቴ ልጅ ሀርጌሳ ሰው ቤት ትሠራ ነበርና ልያት ብዬ ሄድኩ። ከተማዋን አላወቅኋትም፣ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። ከልጅቷ ጋር ገበያ መሃል ስናልፍ «አቦ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ሽቶ በትንንሽ ጠርሙስ ደርድራ የምትሸጥ፣ መነጽር ያደረገች፣ ሰፋ ያለች ሴትዮ። ቀድማ የጮኸችው እሷ ናት። «የጠጅ ቤቷ!» አለች፣ በአማርኛ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ።

ተላቀስን። ወንበር አስመጣች፣ ሻይ አስመጣች። አውሮፕላኖቹ ሲመጡ እናቷን በእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጣ እየገፋች ወደ ኢትዮጵያ ድንበር እንደወጣች ነገረችኝ። እኔ ጥዬ የሸሸሁት አገር ለእሷ መሸሸጊያ ሆናት። እናቷ መጠለያው ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረው እጇ ላይ አረፉ። ወንድሟ አልተመለሰም። ከዚያ መጥታ የአባቷን ሥራ ጀመረች።

ሠላሳ ዓመት ያጠናሁትን ተናገርኩ። ብርጭቆዎችሽን በወይራ አጥኜአቸው ነበር አልኳት። የእህቴ ልጅ ሻይዋን አስቀመጠች። እሷ ግን ሣቀች።

«አውቃለሁ» አለች። «ገና ሳነሳው የእናቴ የወተት ዕቃ ሸተተኝ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«አቦ፣ እናቴን ጥዬ የት ልሄድ ነበር? እሷ ናት ሂጂ ሂጂ እያለች ታለቅስብኝ የነበረው። አልሄድም ብላት አትሰማኝም፤ ወደቅሁ ብላት ግን ምን ትላለች? ልወድቅ ነበር የመጣሁት። ጭንቀቴ ሙሴው እንዳያውቁብኝ ነበር።»

ብርጭቆዎቹን ያጠብሽውስ አልኳት፤ እኔን ልትሸፍኚ አልነበረም?

«እንግዳው ቢያሸተው ፈተናው ይደገም ይል ነበራ! የት እገባለሁ?» አለች። ከዚያ መነጽሯን ከፍ አደረገች። «ደግሞ ወይራ የወይኑን ሽታ ይሸፍነዋል ብለሽ ነው? ሁለተኛው ቡርጎኝ፣ ሦስተኛው ቦርዶ ነበር። አንቺ ገልብጠሽ ነው ያልሽው።»

አያችሁ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልገደልኳትም፣ አልሰረቅኋትም፣ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ኃጢአት ማንንም አልጎዳም። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። አሸንፌ አላውቅም፣ በተንኮልም እንኳን አላሸነፍኩም። ጅቡቲ ውስጥ «እትዬ» የተባልኩበት ወንበር እሷ ያልፈለገችው ነው። እሷ ያን ዕለት ጭሱን አልፋ አራቱንም ለይታ፣ የእኔንም ስህተት ሰምታ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች።

ስንሰናበት ከጠርሙሶቿ አንዱን ከፍታ የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። የሙሴውን ድምፅ አስመስላ «ምን ይሸትሻል?» አለች። ጽጌረዳ አልኳት። ሣቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። ባጃጅ ውስጥ፣ ቤት እስክንደርስ እጄን ከአፍንጫዬ አላወረድኩም፤ ጽጌረዳ አይደለም፣ ጃስሚንም አይደለም። ምን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፣ ቆሽቴ አረረ።